ታወር ወይስ ሰብዉፈር? በእቁብ ብር የተኳረፉት እጮኛሞች

ሠርጋቸው ሁለት ወር ቀርቶታል። እቁቡ ወጥቶላቸዋል። ብሩ እጅ ላይ ነው። ታዲያ እነዚህ እጮኛሞች በምን ተኳረፉ ብትሉኝ፣ በስፒከር ነው የምላችሁ!

አዎ፣ በስፒከር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በሚዜ ምርጫ የተኳረፉ ሙሽሮች አውቃለሁ፤ በቪዲዮ ቀራጭ ዋጋ የተቀያየሙም አይቻለሁ፤ በጥሪ ካርድ ብዛት ሽማግሌ ያስቀመጡም አሉ። በስፒከር ቁመት የተጣላ ግን እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ልጁ 29 ዓመቱ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ይሠራል። እሷ ፋርማሲ ነች። ጀሞ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተዋል፤ ለጊዜው እሱ ገብቶበታል። ሙዚቃ ይወዳል። ይወዳል ስላችሁ እንደናንተና እንደኔ አይምሰላችሁ፤ ታክሲ ውስጥ የወደደው ዘፈን ሳያልቅ "ወራጅ አለ" ማለት አቅቶት አንድ ፌርማታ አልፎ የሚወርድ ዓይነት ነው። ይኼው ልጅ መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ቁመታቸው ደረቱ ድረስ የሚደርስ ጥንድ ታወር ስፒከሮች አየና ልቡ እዚያው ቀረ።

እሷ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበራት። "ሳሎኑ ሦስት በአራት ነው። እነዚህን ሁለት ዘበኞች አቁመን እኛ የት ልንቀመጥ ነው? ትንንሾቹን ከነሰብዉፈራቸው እንግዛ፤ የተረፈው ብር ለቁም ሳጥን ይሁን" አለችው።

"ትንንሽ ስፒከር የሕፃን መጫወቻ ነው" አላት።

"እንግዲያው ታወርህን አግባ!" አለችው።

ከዚያ ወዲያ ስምንት ቀን ሙሉ ስልክ የለም፣ መልእክት የለም። በዘጠነኛው ቀን ልጁ እኔ ቤት መጣ። ሰፈር ውስጥ የተበላሸ ቴፕ ፈታትቼ ስገጥም ስለኖርኩ በዚህ ነገር ዳኛ ነኝ ብለው ያምናሉ። "ጋሼ፣ እስቲ አንተ ፍረደን" አለኝ።

ከመፍረዴ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። ከዚህ ቤት በፊት የነበርክበትን ቤት ለምን ለቀቅክ? አንገቱን ደፋ። ለካስ አከራዩ አስወጥተውት ኖሯል! በድምፅ! "በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር እኮ የማስጮኸው" አለኝ፣ ጥፋቱን የሚያቀለው መስሎት።

እንግዲህ ጨዋታው እዚህ ላይ ተለወጠ። ጥሪ ካርድ ታትሟል፣ አዳራሽ ተይዟል፣ ይኼ ልጅ ዳግመኛ "ቤቴን ልቀቅ" ቢባል ሙሽራዋን ይዞ የት ሊገባ ነው? የስፒከር ምርጫ የሙድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የጣሪያ ጉዳይ ሆነ። እጮኛውን አስታርቄ ሳበቃ እሑድ ቤታቸው እንድንገናኝ ቀጠርኳቸው። ሜትር ይዤ እንደምመጣም ነገርኳቸው።

ስምንት ሜትር ሞገድ በአራት ሜትር ሳሎን

እሑድ እስኪደርስ ድረስ የነገሩን ሥር ለእናንተ ላጫውታችሁ።

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል ይባላል። ኸርዝ ማለት አንድ ነገር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ድምፅ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ የዚያ ክር አንድ ሞገድ ርዝመቱ ከስምንት ሜትር ይበልጣል። ቀጭኑ የ10,000 ኸርዝ ሲንሿሿ ግን ሞገዱ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። አሁን ይታያችሁ፤ ያንን ስምንት ሜትር ጭራቅ ሦስት በአራት ሳሎን ውስጥ ልናስገባው ነው።

ወፍራም ድምፅ ማውጣት ማለት ደግሞ አየር መግፋት ማለት ነው። ከ80 ኸርዝ ወደ 40 ኸርዝ ወርዶ እኩል ለመጮህ አራት እጥፍ አየር መግፋት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የእጅ መዳፍ የምታህል ክብ ያላት ትንሽ ስፒከር ዘፋኙንና ማሲንቆውን አሳምራ አሰምታ፣ ቤዝ ጊታሩ ዝቅ ሲል ትንፋሽ የሚያጥራት። ታወሩ ይኼን የሚፈታው በጉልበት ነው፤ ሰፊ ሳጥን ይዞ፣ ሁለትና ሦስት ዉፈር ደርድሮ ይወርዳል። ትንንሾቹ ደግሞ ሥራ ይካፈላሉ፤ ቀጭኑንና መካከለኛውን እነሱ ይይዙና ወፍራሙን ለሰብዉፈሩ ይለቁለታል።

የሚካፈሉበት ድንበር ክሮስኦቨር ይባላል። ብዙውን ጊዜ 80 ኸርዝ አካባቢ ይደረጋል። ለምን 80? ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሯችን በደንብ አይለይም። ሰብዉፈሩ ከሶፋው ጎን ተቀምጦ እንኳ ቤዙ ከፊት ለፊት፣ ከዘፋኙ ጋር አብሮ የመጣ ይመስላችኋል። ድንበሩን ወደ 150 ከፍ ካደረጋችሁት ግን ጉድ ይፈላል፤ የወንዱ ዘፋኝ ግማሽ ድምፅ ከሶፋ ሥር መውጣት ይጀምራል። ገበያ ላይ በአንድ ካርቶን የሚሸጡት ርካሽ ስብስቦች ብዙዎቹ በሽታቸው ይኼ ነው። ትንንሾቹ በጣም ከማነሳቸው የተነሳ ታች መውረድ ስለማይችሉ፣ ሰብዉፈሩ የእሱ ያልሆነውን ሥራ ሁሉ ይሠራል። "ቡም! ቡም!" ይላል፤ ምን ዘፈን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ልጁ "ትንሽ ሳጥን ቤዝ የለውም" ይላል አይደል? ይኼ ክርክር ከአባቱ ዕድሜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ ኤአር-1 የሚባለውን ስፒከር ሠራ። በታሸገ ሳጥን ውስጥ የታፈነውን አየር እንደ ስፕሪንግ ተጠቅሞ፣ በዚያ ዘመን ቁም ሳጥን ያክሉ የነበሩት ስፒከሮች የሚያወጡትን ቤዝ ከመደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ ሳጥን አወጣ። ሰብዉፈርም ቢሆን የዛሬ ልጆች ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 "ኧርዝኩዌክ" የተባለው ፊልም ሲወጣ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለዚሁ ብለው ግዙፍ የቤዝ ስፒከሮች አስገብተው፣ ተመልካቹ ምድር የምትንቀጠቀጥ እስኪመስለው ድረስ ወንበሩን አንቀጥቅጠውታል።

ሱቁ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ

ቅዳሜ ዕለት ከልጁ ጋር መርካቶ ወረድን። ሱቁ ሰፊ ነው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ጣሪያው ሩቅ ነው። ሻጩ ገና ሲያየን ቮሊዩሙን ጠመዘዘው። ደረታችን ተመታ። ልጁ ወደኔ ዞሮ "ሰማህ?" አለኝ፤ ዓይኖቹ እንባ ያቀረሩ መሰለኝ።

ሰማሁ። ግን ምን ሰማሁ? ቤዙ በተከፈተው በር ወደ አውራ ጎዳናው እየፈሰሰ ነው። ይኼው ስፒከር ጀሞ ሄዶ፣ በር ተዘግቶ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ሲቆም ሌላ ስፒከር ነው የሚሆነው። ሻጩን "የቤዝ ማጉያውን አጥፋልኝ፣ ድምፁንም ቀንስልኝ" አልኩት። እንደ ፋራ አየኝ። ከስልኬ ላይ አንዲት ሴት በክራር ብቻ የምትዘፍንበትን ከፈትን። ከዚያ ቤዝ ጊታሩ የሚራመድበትን አንድ የቆየ የባንድ ዘፈን አስከተልን። ታወሩ ጥሩ ነው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ድምፁ አንድ ላይ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ያልተሰፋ፣ እንዳለ የተሸመነ ይመስላል።

እናንተም ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። በልባችሁ የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሰው ድምፅ ስሙ፤ ቀጥሎ ማታ ቤታችሁ በምትሰሙበት ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። አንድ ምስጢር ደግሞ አለ። ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ከሁሉ በፊት የሚጥለው ቤዙን ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ይኼንን ለክተው አሳይተዋል። በአባቶቻችን የጃፓን ዴክ ላይ "ላውድነስ" የሚል ቁልፍ የነበረው ለዚሁ ነው፤ ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ ሰው የጠፋውን ቤዝ እንዲመልስለት። ሱቅ ውስጥ የጮኸ ሁሉ የተሻለ የሚመስለንም በከፊል በዚሁ ነው። ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ እኩል እንዲጮሁ ካላደረጋችሁ፣ የመረጣችሁት ቮሊዩሙን ነው እንጂ ስፒከሩን አይደለም።

ካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ዋትማ ተዉኝ! "5000 ዋት ፒኤምፒኦ" ይላል ፊት ለፊቱ። ዞር አድርጋችሁ ጀርባውን እዩት፤ ከሶኬት የሚበላው 60 ዋት ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 60 በልቶ ያለማቋረጥ 5000 የሚያወጣ ዕቃ ቢኖር ኖሮ የአገሪቱን የመብራት ችግር በእሱ እንፈታው ነበር። ፒኤምፒኦ ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የሌለው፣ ለጌጥ የሚጻፍ ቁጥር ነው። አርኤምኤስ የሚለውን ፈልጉ። እሱም ቢሆን ያን ያህል አያስጨንቃችሁ፤ ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን ሁለት እጥፍ የጮኸ እንዲመስለን አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል።

በአራት እግር የተሄደበት እሑድ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተገናኘን። እሷም መጥታለች፤ ቡና አቅርባለች፤ ግን ስኒውን ለሱ ስትሰጠው ፊቱን አታየውም። ሜትሬን ዘረጋሁ። ሳሎኑ በእርግጥም ሦስት በአራት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለች፤ ታገሱኝ። ክፍል ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። አራት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ ገደማ ላይ አብሮ ይዘፍናል፤ ሦስት ሜትሩ ደግሞ 57 ላይ። 43 ከቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር ጋር የአጥር ጎረቤት ነው። ስለዚህ ታወሩ ያን ኖታ ሲመታ ክፍሉ ተቀብሎ ያጮኸዋል፤ ሌላውን ኖታ ግን ዝም ይላል። አንዱ ኖታ ተራራ፣ አንዱ ገደል። ክፍላችሁ አራት ማዕዘኑ እኩል፣ ለምሳሌ ሦስት ተኩል በሦስት ተኩል ከሆነ ደግሞ ይብላኝላችሁ፤ የርዝመቱና የወርዱ ጩኸት እዚያው አንድ ኖታ ላይ ይደራረባል።

ታወሩ እዚህ ይቸገራል። ዘፋኙ ፊት ለፊት እንዲሆን ሁለቱ ታወሮች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ መቆም አለባቸው፤ ከጀርባቸውም ካለው ግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል ቢርቁ ይመረጣል። በዚህ ሳሎን ግማሽ ሜትር ወደፊት አመጣችኋቸው ማለት ጉልበታችሁን ስፒከር ላይ አድርጋችሁ ተቀመጣችሁ ማለት ነው። ወደ ግድግዳው ካስጠጋችኋቸው ደግሞ ቤዙ ያብጣል። (ከኋላቸው ቀዳዳ ያላቸው ከሆኑ ቀዳዳውን በካልሲ ወይም በስፖንጅ መድፈን ትንሽ ያስተነፍሰዋል። አትሳቁ፤ አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው መድፈኛ ስፖንጅ ካርቶኑ ውስጥ ይጨምራሉ።) ሰብዉፈር ግን ቤዙ ከስፒከሮቹ ተለይቶ፣ ክፍሉ በሚስማማው ቦታ እንዲቀመጥ ያስችላል።

ያ ቦታ የት ነው? ከጓደኛው የተዋሰውን ሰብዉፈር ልጁ ሶፋው ላይ፣ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጠው። አንድ የቤዝ ምት ያለው ዘፈን ደጋግሞ እንዲጫወት አደረግን። ከዚያ እኔና እሱ በአራት እግራችን ወለሉ ላይ ተንበርክከን፣ ጆሯችንን ዝቅ አድርገን በግድግዳው ጥግ ጥግ እየዳኽን ማዳመጥ ጀመርን። ሰብዉፈሩና ጆሮ ቦታ ቢለዋወጡ የሚሰማው አንድ ስለሆነ፣ እየዳኻችሁ ቤዙ ሁሉም ኖታ ላይ እኩል የሚሰማበትን ካገኛችሁ የሰብዉፈሩ ቦታ እሱ ነው። ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ ቤዙ አገሳ፤ ከክፍሉ መሀል ስንደርስ ድራሹ ጠፋ። ከበሩ ጎን፣ ከግድግዳው አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ ስንደርስ ግን እያንዳንዱ የጊታር እርምጃ ተለይቶ መጣ።

ሙሽሪት ቡናዋን ትታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "ጋሼ፣ ሱሪህ!" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው እሱን ቀና ብላ ያየችው።

ከታች ያሉት እማማ

ዋናው ፈተና ግን ገና ነው። ከሥራቸው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ አሉ፤ ደም ብዛት አለባቸው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን መትተዋል። እሱ ከነሱ ጋር ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል ተለዋውጦ አያውቅም። እኔና ሙሽሪት ዳቦ ይዘን ወረድን፤ እሱ እንደወትሮው እንዲያጫውት ነገርነው።

እማማ አስቀመጡን። እኛም ጆሯችንን ወደ ኮርኒሱ ሰቀልን።

"እማማ፣ አሁን ይሰማዎታል?"

"ዘፋኙንማ ሰምቼው አላውቅም ልጄ። ቢሰማኝ እኮ ባልከፋ፤ ቢያንስ ማን እንደሚዘፍን አውቅ ነበር። እኔ የምሰማው ድም፣ ድም፣ ድም ነው። ልቤ የምትመታ ይመስለኝና እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ።"

ይኼን አባባል ከፊዚክስ መምህር አልሰማሁም። የብሎኬት ግድግዳና የኮንክሪት ወለል ቀጭኑን ድምፅ መልሶ ያስቀረዋል፤ ወፍራሙን ግን ያሳልፈዋል፣ ሲብስም ራሱ ወለሉ ተቀብሎ ይርገበገባል። ላይ ቤት ያለው ሰው ሙሉ ዘፈን እየሰማ "ምን አስጮህኩ?" ይላል፤ ታች ያለው ደግሞ ከዘፈኑ ውስጥ መዶሻውን ብቻ ለይቶ ይቀበላል። የቀድሞው አከራይም የሰሙት ይኼንኑ መሆን አለበት።

ሙሽሪት ስልኳን አወጣችና ደወለችለት። "ሰብዉፈሩን ቀንስ። አሁንም። አሁንም ትንሽ..." እማማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ "አሁን ቤቴ ነኝ" አሉ። ላይ ስንወጣ ሰብዉፈሩ አሁንም ይሠራል፤ ዝቅ ብሎ እንጂ አልጠፋም፤ ዘፈኑም አልሞተም። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ብናደርግለት ወለሉን በቀጥታ መነቅነቁ ትንሽ ተሻሻለ፤ በአየር የሚሄደውን ግን ስፖንጅ አያቆመውም፤ የሚያቆመው እጃችሁ ነው። ሙሽሪት ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ ማዞሪያው የቆመበት ላይ ነጥብ አደረገችበት። ከዚያች ነጥብ ማለፍ ክልክል ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሰብዉፈሩ ከነጭራሹ ይጠፋል፤ ትንንሾቹ ብቻ ይቀጥላሉ።

የኔም ፍርድ የተወሰነው እዚች ላይ ነው። ታወር ቤዙ አብሮት የተወለደ ስለሆነ እንዲህ በአንድ ማዞሪያ ለይታችሁ "አንተ ተኛ" ልትሉት አትችሉም። የአምፕሊፋየሩን የቤዝ ቁልፍ መቀነስ አለ፤ ግን እሱ ከጎረቤት መዶሻ ጋር የዘፋኙንም ደረት አብሮ ይቀንሰዋል።

ለታወሩም ጠበቃ ይቁምለት

ታወር ጠላ እንዳትሉኝ። እኔ ራሴ ቤቴ ያለው ታወር ነው! የምኖረው ግን ግቢ ቤት ውስጥ ነው፤ ከሥሬ አፈር እንጂ እማማ የሉም። ገርጂ የሚኖሩ የማውቃቸው ወንድማማቾች ደግሞ ስድስት በስምንት የሚሆን ሳሎን አላቸው። ትንንሾችን ከሰብዉፈር ጋር ሞክረው ነበር፤ ሳሎኑ ዋጣቸው። ጥንድ ታወር አስገቡና ተገላገሉ። ሁለት ገመድ ነው፤ አለቀ። ክሮስኦቨር ማስተካከል የለ፣ መዳኽ የለ። ብዙ ታወሮች በተመሳሳይ ዋት ከትንንሾቹ የበለጠ ይጮኻሉም፤ በ6 ዲሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ማለት አራት እጥፍ አምፕሊፋየር በነፃ እንደማግኘት ነው። የቆየ ዴክ ላይ የምትሰኩት ከሆነ ግን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ኦም እዩ፤ አራት ኦም የሆነ ታወር ለአንዳንድ አሮጌ ዴክ ከአቅም በላይ ጭነት ነው።

መብራታችንንም አንርሳ። ታወር አብዛኛውን ጊዜ ሶኬት አይፈልግም፤ ሰብዉፈር ግን አምፕሊፋየሩ ሆዱ ውስጥ ስለሆነ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል መጀመሪያ የሚያገኘው ሳይነቀል የተረሳውን ዕቃ ነው፤ ስታብላይዘር ወይም ከሶኬት የመንቀል ልማድ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ዘመድ ለምታስመጡ ደግሞ የራሴን ሞኝነት ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ በሻንጣ ሰብዉፈር ላከልኝ። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ካርቶኑን በደስታ ቀደድኩ፣ ሶኬቱን ሰካሁ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል አሪፍ ቤዝ ሰማሁ፣ ከዚያ ጭስ። ጀርባው ላይ ተጽፎ ነበር እኮ፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ቮልቴጅ የሚቀበል ወይም መቀያየሪያ ያለው መሆኑን ሳታረጋግጡ አታስልኩ። ታወርማ በሻንጣ አይታሰብም፤ ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቀደው 23 ኪሎ ጋር የሚተካከል ስንት አለ!

ሙሽሪትም ብትሆን ሙሉ በሙሉ አላሸነፈችም። "ትንንሾቹ ቦታ አይዙም" ያለችው እውነት አይደለም። ትንንሾቹን ብፌ ላይ ከብርጭቆ ጋር ደርድራችሁ ጥሩ ድምፅ አትጠብቁ፤ ብርጭቆው አብሮ ይዘፍናል። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል መሆን ስላለባት መቆሚያ ያስፈልጋቸዋል፤ መቆሚያው ወለሉ ላይ የሚይዘው ቦታ ደግሞ ታወሩ ከሚይዘው እምብዛም አያንስም። ይኼን ስነግራት ልጁ ከስምንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ። ብሩ በአንድ ጊዜ አይበተንም። መጀመሪያ ጥሩ ጥንድ ትንንሽ ስፒከሮች፣ ክባቸው 16 ሳንቲሜትር ተኩል የሆኑ፣ ብቻቸውንም ዘፈን የሚሸከሙ። ሰብዉፈሩ ለሚቀጥለው እቁብ ይቆይ። ሦስቱን አብሮ በርካሽ ከመግዛት፣ ሁለቱን በደህና ገዝቶ ሦስተኛውን መጠበቅ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ርካሽ ሰብዉፈር ከምንም ሰብዉፈር የከፋ ነውና። መቆሚያዎቹን ሰፈር ያለ ብረታ ብረት ቤት በየዳቸውና ውስጣቸው ደረቅ አሸዋ ሞላንባቸው። የተረፈው ብር ለቁም ሳጥኑ ሄደ።

አንድ ነገር ደግሞ በፋርማሲ ሙያዋ እሷ ጨመረችበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጆሮ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዲሲቤል ነው፤ 90 ዲሲቤል ላይ ከሆነ በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ። ስልኳ ላይ የድምፅ መለኪያ ጭናለች። ፍጹም ትክክል ባይሆንም፣ ባሏን "ቀንስ" ለማለት ግን በቂ ማስረጃ ሆኗታል።

ከሠርጉ ሁለት ወር በኋላ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ትንንሾቹ መቆሚያቸው ላይ ሆነው እየዘፈኑ፣ እማማ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። "አሁን ዘፋኙን አወቅኩት፤ ድሮ አስመራ ሳለሁ እሰማው ነበር" አሉኝ። ሰብዉፈሩ ገና አልተገዛም። የጥፍር ቀለሙ ነጥብ ያለበት የተዋሱት ነበርና ለባለቤቱ ተመልሷል፤ ጓደኛቸው ነጥቡ ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ደውሎ ነበር አሉ። ልጁ ግን መርካቶ በወጣ ቁጥር ያቺን ሱቅ ሳያይ አያልፍም፤ ሻጩም ለምዶት "ዛሬስ የትኛውን ላሰማህ?" ይለዋል።